ዩሪያን ማን አገኘው? ከሽንት ባልዲ እስከ ላብራቶሪ ወረቀት

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት የሜዲካል ላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። ዩሪያ፣ ክሬያቲኒን፣ ዩሪክ አሲድ፣ ኮሌስትሮል የሚሉትን ስሞች በየቀኑ እንሰማለን። ማሽን ባልነበረበት ዘመን እነዚህን ነገሮች ሰውነት ውስጥ ማን አገኛቸው? እንዴትስ አወቁ? አስተማሪያችን ቮለር በ1828 ዩሪያን ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቶ ‹የሕይወት ኃይል› የሚባለውን እምነት ገደለው ብሎናል። እውነት ነው? ዛሬስ ያልተገኘ ነገር ቀርቷል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ አጭር ቢመስልም በውስጡ አራት ጥያቄ አለ። እኔ የምሠራው ክሊኒካል ኬሚስትሪ ላይ ስለሆነ ከዚያው ከምናውቀው ወረቀት ልነሳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ማን አገኘው?» የሚለውን እንበትነው። በዚህ ቃል ሦስት ዓይነት ሥራ ነው የሚጨፈለቀው። አንዱ ሰው ነገሩን ያያል። ሌላው ከሌላው ቅልቅል ለይቶ ያነጥረዋል። ሦስተኛው ነገሩ ሰውነት ውስጥ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ሦስቱንም አንድ ሰው የሠራበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ሃምሳ ዓመት፣ መቶ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት መቶ ዓመት አለ። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ አንድ ስምና አንድ ዓመት ተጽፎ ካየሽ «ከሦስቱ የትኛውን?» ብለሽ ጠይቂ። ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ይፈታል።

ሁለተኛ፣ እነዚያ ሰዎች ምን ይዘው ነበር? እሳት፣ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ፣ ሚዛን፣ አሲድ፣ አልኮል። አፍንጫና ምላሳቸውም አለ፤ ምላስ በዚያ ዘመን የሥራ ዕቃ ነበር። በዚህ መሣሪያ አንድን ነገር ለማየት በጥቂቱ አይሆንም፣ በብዛት ያስፈልጋል። ከሕያው ሰው በብዛት የሚገኘው ደግሞ ሽንት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከፊኛ በቀዶ ሕክምና የወጣ ጠጠር፣ ከቁስል የሚፈስ መግል፣ ከቄራ የሚመጣ ሥጋ፣ አጥንትና ሐሞት አለ። ከመጀመሪያዎቹ ግኝቶች አብዛኞቹ ሰው ከሚጥለው ነገር የወጡት ለዚህ ነው። ደም በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። ይረጋል፣ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ይበስላል፣ ከስሩ ያለው ነገር አይታይም።

የሽንቱ ታሪክ የሚጀምረው ከሃምቡርጉ ሄኒግ ብራንድ ነው። ዓመቱ 1669። ብራንድ ሐኪም ነኝ ይበል እንጂ ልቡ ያለው ወርቅ ላይ ነበር። ተራውን ብረት ወደ ወርቅ የሚለውጥ ነገር ከሽንት ይወጣል ብሎ አመነ። ሽንት በብዛት አሰባሰበ፤ የሚነገረው መጠን በሺዎች ሊትር ነው። ለቀናት አስቀምጦ እስኪበሰብስ ጠበቀ። ከዚያ ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ እስኪሆን አፈላው። ዝቃጩን በከባድ እሳት አግሎ የሚወጣውን ጭስ ወደ ውሃ ሰደደው። ጎረቤቶቹን አስቢያቸው። ወርቅ የሚባል አልታየም። የታየው ሰም የሚመስል ነጭ ነገር ነው። ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፣ አየር ላይ ሲወጣ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ፎስፈረስ ነበር።

አሠራሩ ዛሬ ግልጽ ነው። ሽንት ውስጥ ፎስፌት አለ። ሽንቱ ሲቃጠል የሚቀረው ከሰል ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ኦክስጅኑን ከፎስፌቱ ይነጥቃል፣ ፎስፈረሱ ይተናል፣ ውሃው ውስጥ ይረጋል። ማበስበሱ ከንቱ ልፋት ነበር፣ ትኩስ ሽንትም ያንኑ ይሰጥ ነበር። ብራንድ ምስጢሩን ደብቆ ቆየና በኋላ ሸጠው። ገዢው ክራፍት የሚባል ሰው ነበር፤ በየቤተ መንግሥቱ እየዞረ የሚያበራውን ነገር ትርዒት አደረገው። ለንደን ላይ ሮበርት ቦይል ትርዒቱን አይቶ፣ ምንጩ ከሰው አካል የወጣ ነገር መሆኑን ብቻ ሰምቶ፣ በ1680 ራሱ ሠራው።

ብራንድ በስሙ የምናውቀው የመጀመሪያው የንጥረ ነገር አግኚ ነው። ግን ከሦስቱ ሥራ ሦስተኛውን አልሠራም። ፎስፈረስ ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፣ ማወቅም አልፈለገም። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከ1769 እስከ 1771 ባለው ጊዜ፣ ዮሃን ጋንና ካርል ቪልሄልም ሼሌ የሚባሉ ስዊድናውያን አጥንት በዋናነት የካልሲየም ፎስፌት መሆኑን አሳዩ። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 700 ግራም ያህል ፎስፈረስ አለ፣ ከዚያ ውስጥ 85 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ፎስፈረስ ፈላጊ ሁሉ ፊቱን ከሽንት ወደ አጥንት አዞረ፤ ባልዲው አረፈ።

አሁን ወደ ዩሪያ፣ ሰውነት በሽንት ወደሚያስወግደው ጥራጊ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም የጥያቄሽ እምብርት እሱ ነው።

የመጀመሪያው ስም የሆላንዱ ሄርማን ቡርሃቭ ነው፣ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና የኬሚስትሪ መምህር። ግኝቱ ብዙ ጊዜ በ1727 ይመዘገባል። ቡርሃቭ እንደ ብራንድ በእሳት አልተጣደፈም። ትኩሱን ሽንት በቀስታ አተነነው፣ እንደ ክሬም ሲወፍር አጣራው፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አስቀምጦ አንድ ዓመት ያህል ተወው። ታችኛው ላይ ክሪስታል ተቀመጠ። እያጠበ፣ እያሟሟ፣ መልሶ ክሪስታል እያደረገ አጸዳው። ይህ ነገር ከገበታ ጨው የተለየ መሆኑን ለይቶ ጻፈ። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘውም አስተዋለ። ዛሬም ዩሪያ ውሃ ውስጥ ብትጨምሪ ብርጭቆው እጅሽ ላይ ይቀዘቅዛል።

የቡርሃቭን ሥራ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1773 የፓሪሱ ኢሌር ማሪን ሩኤል አልኮል ተጠቅሞ እንደገና አወጣው፤ ብዙ መጽሐፍ ላይ አግኚው እሱ ነው ተብሎ የተጻፈውም ለዚህ ነው። ከዚያ በ1790ዎቹ መጨረሻ ፉርክሯና ቮክላን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ቁልፉን አገኙ። የወፈረ ሽንት ላይ ናይትሪክ አሲድ ሲጨምሩ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት መሰል ክሪስታል ወዲያው ይወርዳል። ዓመት መጠበቅ ቀረ። ይህ ምልክት በቀላሉ የማይረሳ ስለነበር የዩሪያ መታወቂያ ሆነ። ያንን ቅርፊት ልብ በይው፣ ተመልሶ ይመጣል።

ዩሪያን በሥርዓቱ ያነጠረው ግን የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ፕራውት ነው፣ በ1817። ንጹሑን ዩሪያ አቃጥሎ ካርቦኑን፣ ሃይድሮጅኑን፣ ናይትሮጅኑንና ኦክስጅኑን በመቶኛ አስቀመጠ። ቁጥሮቹ ዛሬ ከምናሰላው ጋር ለመገጣጠም ጥቂት ነው የቀራቸው። ናይትሮጅኑ 46 በመቶ ከምናምን ነው። አገር ቤት ገበሬው በኩንታል የሚገዛው የዩሪያ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ 46 የሚል ቁጥር አይተሽ ይሆናል። እሱው ነው። ፕራውት ከሽንት ባነጠረው ውስጥ የመዘነውና ማሳ ላይ የሚበተነው አንድ ነገር ናቸው።

እስካሁን ታየ፣ ተነጠረ። ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አላወቀም። በዚያ ጊዜ የብዙ ሰው ግምት ኩላሊት ዩሪያን ይሠራል የሚል ነበር። ከሽንት ነው የሚገኘው፣ ሽንትን የሚሠራው ኩላሊት ነው፣ ስለዚህ የዩሪያ ፋብሪካ ኩላሊት ነው። ነገሩ ትክክል ይመስላል።

በ1821 ጄኔቭ ላይ ዣን-ሉዊ ፕሬቮና ዣን-ባቲስት ዱማ የሚባሉ ወጣቶች ይህን በቢላ ፈተኑት። ዱማ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። የእንስሳትን ኩላሊት አወጡ። ኩላሊት ዩሪያ የሚሠራ ከሆነ ኩላሊት የሌለው እንስሳ ዩሪያ ሊኖረው አይገባም። የሆነው ግልባጩ ነው። በደማቸው ውስጥ ዩሪያ ተጠራቀመ፣ ክሪስታሉን አውጥተው ሊያዩት እስኪችሉ ድረስ። ኩላሊት አስወጋጅ እንጂ ሠሪ አልነበረም። አንቺ ዛሬ የአንድን ታካሚ ዩሪያ ከፍ ብሎ አይተሽ «ኩላሊቱ ደክሞ ይሆን?» የምትይው በዚህ ሙከራ አመክንዮ ነው። እኔ በግሌ ከቮለር ይልቅ ይህን ሙከራ ነው የማደንቀው። ፈተና ላይ ግን አይጠየቅም።

ታዲያ የት ነው የሚሠራው? መልሱ 1932 ድረስ ጠበቀ። ሃንስ ክሬብስና የሕክምና ተማሪ የነበረው ኩርት ሄንሰላይት ፍራይቡርግ ላይ የአይጥ ጉበት በስስ እየከተፉ በፈሳሽ ውስጥ አቆዩ። ኦርኒቲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት የዩሪያ ምርቱ ተፈተለከ፣ ኦርኒቲኑ ግን አላለቀም። ዑደት ነበር። ጉበት መርዛማውን አሞኒያ እየወሰደ ዩሪያ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ዩሪያው ዝቅ፣ አሞኒያው ከፍ የሚለው። ከቡርሃቭ እስከ ክሬብስ 205 ዓመት። «ዩሪያን ማን አገኘው?» ለሚለው መልሴ ይህ ሙሉ ሰልፍ ነው።

ቮለርስ? ቮለር ዩሪያን አላገኘም፣ ሠራው። በርሊን ውስጥ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። የፈለገው አሞኒየም ሳያኔት የሚባል ጨው ነው። ሲልቨር ሳያኔትን ከአሞኒየም ክሎራይድ ጋር አገናኘ። የወጣው ነጭ ክሪስታል እንደ ሳያኔት አልሆነለትም። እንደ አሞኒየም ጨውም አልሆነም። ናይትሪክ አሲድ ሲጨምርበት ግን ያ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ወረደ። ከሽንት ዩሪያ አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ አንድ ሆኑ። ከዚያ የፕራውትን ቁጥሮች ከራሱ ስሌት ጋር አስተያየ፤ ገጠሙ። ከዓመታት በፊትም ይህንኑ ነጭ ክሪስታል አይቶት ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀውም። ፕራውት ባይኖር ቮለርም አይኖርም ነበር ማለት ይቻላል።

በየካቲት 1828 ለመምህሩ ለበርዜሊዩስ ወደ ስቶክሆልም ደብዳቤ ጻፈ። ኩላሊትም ሆነ እንስሳ፣ ሰውም ውሻም ሳያስፈልገኝ ዩሪያ መሥራት እችላለሁ የሚል ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ናት አስተማሪሽ የነገራችሁ ታሪክ መነሻ። «የሕይወት ኃይል» የሚባለው እምነት በሕያው አካል ውስጥ የሚገኙ ነገሮችን ለመሥራት ተራ ኬሚስትሪ አይበቃም፣ ሕይወት ያለው አካል ልዩ ኃይል ያስፈልጋል የሚል ነበር። ቮለር በአንድ ብርጭቆ ዕቃ ገደለው ተባለ።

እውነቱ ይህን ያህል ንጹሕ አይደለም። በዚያ ዘመን ሳያኔት የሚሠራው ከእንስሳ ከሰል ነበር፣ ማለትም ከቀንድ፣ ከሰኮና፣ ከደረቀ ደም። ስለዚህ «ሕይወቱ ከዚያ ጋር አብሮ መጥቶ ቢሆንስ?» ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ይህን ክርክር ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ቮለር ራሱ ነው በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ያነሳው። የሕይወት ኃይልን ገድያለሁ ብሎ አልፎከረም። በርዜሊዩስም አልደነገጠም። እንዲያ ከሆነማ ቀጥላችሁ በሙያ ትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ትንሽ ሕፃን ሥሩ እንጂ ብሎ ቀለደበት። ብዙዎችም ዩሪያ የሰውነት ጥራጊ ነው፣ ጥራጊ መሥራት ሕይወትን መሥራት አይደለም አሉ። እምነቱ የሞተው ቀስ በቀስ ነው። በ1845 ኮልበ የሚባል ኬሚስት አሴቲክ አሲድን ሕይወት ከሌለው ነገር ተነስቶ ሠራ። በ1850ዎቹ በርተሎ ሌሎችን ጨመረ። የ«አንድ ቀን ግድያው» ታሪክ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ያሳመሩት ነው።

ቮለርንና በርዜሊዩስን በእርግጥ ያስገረማቸው ሌላ ነገር ነው። አሞኒየም ሳያኔትና ዩሪያ በውስጣቸው ያለው አቶም በዓይነትም በቁጥርም አንድ ነው፣ ባሕርያቸው ግን ለየቅል። ያ ማለት የአቶሞቹ አቀማመጥ ራሱ ትርጉም አለው። በርዜሊዩስ ይህን አይሶመሪዝም ብሎ የሰየመው በ1830 ነው። ስለዚህ ፈተና ላይ «1828፣ ቮለር፣ ዩሪያ» ብለሽ ጻፊ፣ ትክክል ነው። «ገደለው» የሚለውን ግን በልብሽ ያዢው፤ ከአስተማሪ ጋር ለዚህ ብለሽ አትጣዪ።

ስኳርን ሳልነካ ባልፍ ደስ አይለኝም። የሕንድ የጥንት ሐኪሞች የአንዳንድ ሕመምተኞች ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ ጽፈዋል። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1674 ቀምሶ እንደ ማር ይጣፍጣል አለ። ግን ጣዕም ጣዕም ነው፤ ስኳር ነው ማለት አይደለም። የሊቨርፑሉ ሐኪም ማቲው ዶብሰን በ1776 የስኳር ሕመምተኛ ሽንት አትንኖ አደረቀው። የቀረው በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ነጭ ነገር ነበር። ሽታውም ጣዕሙም የስኳር ነው። ከዚያ ደግሞ የታካሚውን ሴረም፣ ማለትም ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ቀመሰ፤ እሱም ይጣፍጣል። የፕሬቮና የዱማን አመክንዮ ታዪዋለሽ? ደም ውስጥ ካለ ኩላሊት አልሠራውም ማለት ነው፤ ኩላሊት ያሳለፈው ነው። ዶብሰን እዚያ የደረሰው እንስሳ ሳይቆርጥ፣ በምላሱ ነው። በ1815 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭሩል ይህ ስኳር ከወይን ስኳር ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ።

ዩሪክ አሲድ የመጣው ከጠጠር ነው። ሼሌ፣ ያ ስለ አጥንት ያነሳሁት ስዊድናዊ፣ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በ1776 ከፊኛ የወጡ ጠጠሮችን መረመረ። ጠጠሩ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ይሟሟል፣ አሲድ ሲጨመርበት ይመለሳል። ከዚያ ያንኑ ነገር ጠጠር ከሌለባቸው ሰዎች ሽንት ውስጥም አገኘው። ይህች ሁለተኛዋ እርምጃ ናት ትልቋ። የበሽታ ነገር ተብሎ የታሰበው የሁሉም ሰው ነገር ሆነ፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። በ1797 ደግሞ ዊሊያም ሃይድ ዎላስተን በሪህ ሕመምተኞች መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣው ነጭ እብጠት ያንኑ ዩሪክ አሲድ፣ በጨው መልክ፣ መያዙን አሳየ። ዎላስተን በ1810 ከሌላ የፊኛ ጠጠር ሲስቲንንም አግኝቷል፤ ከሰው የወጣ የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ መሆኑን ግን ማንም አላወቀም፣ አሚኖ አሲድ የሚባል ነገር ገና አልታሰበም።

ደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ያሳየው የለንደኑ አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ ነው፣ በ1848። ከዚያ በ1854 ለማንኛውም ሐኪም የሚሆን ዘዴ አወጣ። ይህን ዘዴ ለተማሪ ሳስረዳ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከታካሚው ጥቂት ደም ይቀዳል፣ ሴረሙ ይለያል። ጠፍጣፋ የብርጭቆ ሳህን ላይ ይፈሳል። አሴቲክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ ከተልባ እግር ልብስ የተመዘዘ አንድ አጭር ክር ውስጡ ይጋደማል። ሳህኑ ሳይነቃነቅ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ሪህ ያለበት ሰው ከሆነ ክሩ ላይ ክሪስታል ተደርድሮ ይገኛል፣ በክር ላይ እንደሚረጋ ነባት። ጤነኛ ከሆነ ክሩ ባዶ ነው። ማሽን የለም፣ መብራት የለም። በታሪክ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ምርመራዎች አንዱ ይህ የክር ምርመራ ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ በጣም ከፍ ያለውን እንጂ ትንሽ ከፍ ያለውን አይይዝም።

ኮሌስትሮልን በአጭሩ ልለፈው። ከሐሞት ጠጠር ነው የወጣው። ፑልቲዬ ደ ላ ሳል የሚባል ፈረንሳዊ በ1769 አካባቢ አይቶታል። ሼቭሩል በ1815 ስም አወጣለት። ሼቭሩል የሳሙና ሰው ነበር፤ ስብ ከአልካሊ ጋር ሲፈላ ሳሙና እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል። የሐሞት ጠጠሩን ነገር አፈላው፣ ሳሙና አልሆነም። ስብ የሚመስል ግን ስብ ያልሆነ። በዚህ አንድ ሙከራ ለየው። ሼቭሩል 102 ዓመት ኖሯል፤ ኮሌስትሮልን ስም የሰጠው ሰው በልብ ድካም አልተቸኮለም።

ይኸው ሼቭሩል በ1832 ከሥጋ መረቅ ክሬያቲንን አወጣ። ዩስቱስ ሊቢግ በ1847 በብዙ ሥጋ ሥራውን ደግሞ አረጋገጠ፣ ከክሬያቲን የሚወጣውን ነገር ደግሞ ክሬያቲኒን ብሎ ሰየመው። ለአርባ ዓመት ያህል ግን የሥጋ ኬሚስትሪ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በ1886 ኮኒግስበርግ ላይ ማክስ ያፌ ቢጫ ፒክሪክ አሲድ በአልካሊ ውስጥ ክሬያቲኒን ሲያገኘው ወደ ብርቱካናማ ቀይ እንደሚለወጥ አየ። ያፌ አይቶ ጻፈ፣ መለኪያ ግን አላደረገውም። ቀለሙን መለኪያ ያደረገው ኦቶ ፎሊን ነው፣ በ1904።

አንቺ ተግባር ልምምድ ስትወጪ የምታገኚው ቢጫ ሪኤጀንት (መመርመሪያ ፈሳሽ) ብዙ ጊዜ ይኸው የያፌ ነው። ማሽኑ ቀለሙ ምን ያህል እንደጠቆረ ያነባል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ስለዚህ የ1886ቱ ችግርም አብሮ መጥቷል። ፒክሪክ አሲድ ከክሬያቲኒን ጋር ብቻ አይደለም ቀለም የሚሠራው። የስኳር ሕመምተኛ ኬቶን ሞልቶበት ሲመጣ አሴቶአሴቴት የሚባለው ኬቶን ክሬያቲኒኑን ከፍ አስመስሎ ያሳያል። ዩሪያው ትንሽ፣ ክሬያቲኒኑ በጣም ከፍ ያለ ውጤት ካየሽ ከመላክሽ በፊት የታካሚውን ሁኔታ ጠይቂ። ቢሊሩቢን የበዛበት ቢጫ ሴረም ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ያደርገዋል። በኢንዛይም የሚሠራ ሪኤጀንት ያለበት ቦታ ይህ ችግር ይቀንሳል፣ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ሌላም ነገር፤ ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ የሚፈነዳ ነገር ነው። የጠርሙሱ አንገት ላይ ደርቆ ካየሽ አትታገዪው፣ ኃላፊውን ጥሪ።

መግልንም ልጥቀስ። በ1869 ፍሪድሪክ ሚሸር የሚባል የስዊስ ወጣት ሐኪም ቱቢንገን ከተማ ባለ የድሮ ግንብ ውስጥ ይሠራ ነበር። ላብራቶሪው የግንቡ ወጥ ቤት የነበረ ክፍል ነው። ከአቅራቢያው የቀዶ ሕክምና ክፍል በመግል የራሱ ፋሻዎች ይመጡለታል። መግሉን አጥቦ ነጭ የደም ሴሎችን ሰበሰበ። ከአሳማ ጨጓራ ባወጣው ፔፕሲን ፕሮቲኑን አስፈጨው። ኒውክሊየሱ፣ የሴሉ እምብርት፣ ቀረ። ከዚያ ያወጣው ነገር እንደ ፕሮቲን አልሆነም፤ ብዙ ፎስፈረስ ነበረው። አለቃው ሆፔ-ዛይለር አላመነም። ሙከራውን ራሱ ደግሞ ካየ በኋላ ነው በ1871 እንዲታተም የፈቀደው። ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው እሱ ነው። ዘርን የሚያስተላልፈው እሱ መሆኑ የታየው ግን በ1944 በኒውዮርኩ የኤቨሪ ቡድን ነው። ይኸውልሽ እንግዲህ፣ ባየው ሰውና ባወቀው ሰው መካከል ሰባ አምስት ዓመት።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ዛሬ ያልተገኘ ነገር ቀርቷል ወይ? ቀርቷል። ሽንቱም ገና አላለቀም። በ1931 አዶልፍ ቡተናንት ከ15,000 ሊትር ያህል የፖሊሶች ሽንት 15 ሚሊግራም አንድሮስቴሮን የሚባል የወንድ ሆርሞን አወጣ። ብራንድ ሰምቶ ቢሆን ይቀና ነበር። ያ ግን ሩቅ ከመሰለሽ ይበልጥ ቅርብ የሆነውን ልንገርሽ።

በ1746 ቦሎኛ ላይ ቪንቼንዞ ሜንጊኒ ደም አቃጥሎ አመዱ ላይ ማግኔት አስጠጋ። የአመዱ ቅንጣት ወደ ማግኔቱ ዘለለ። ብረት ደም ውስጥ፣ በተለይም በቀይ ሴሎቹ በኩል፣ መኖሩ በዚያ ታየ። ብረት በሰውነት ውስጥ የት እንደሚገባ ቀስ በቀስ ታወቀ። መጠኑን ማን እንደሚያዝ ግን 250 ዓመት ሙሉ አልታወቀም። በ2000 አንድ የጀርመን ቡድን ከደም፣ በ2001 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላይ የቶማስ ጋንዝ ቡድን ከሰው ሽንት አንድ ትንሽ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) አገኙ። ይፈልጉ የነበረው ጀርም የሚገድል ነገር ነው። ያገኙትን ሄፕሲዲን አሉት። ጉበት ነው የሚሠራው። ብዙም ሳይቆይ የብረት አዛዥ እሱ መሆኑ ታወቀ። ሄፕሲዲን ከፍ ሲል ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚወጣበት ፌሮፖርቲን የሚባለው በር ይዘጋል፤ ሰውነት ያከማቸው ብረትም እዚያው ይታሰራል። ለረጅም ጊዜ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ያለበት ሰው የብረት ክኒን እየዋጠ ደሙ የማይጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። ፌሪቲኑ (የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፕሮቲን) መደበኛ ወይም ከፍ ያለ፣ የሴረም ብረቱ ግን ዝቅ ያለ ታካሚ ካጋጠመሽ ክኒን ከመጨመር በፊት ሐኪሙ የብግነቱን ምንጭ መፈለግ ይኖርበታል። ሄፕሲዲንን ራሱን የሚለካ ምርመራ ደግሞ እስካሁን የብዙ ላብራቶሪ የዕለት ሥራ አልሆነም።